ከኮሮና የተረፉት የኦክስጅን ማሽኖች፦ ቢጫው መብራት፣ አልነሳ ያለው ሳቹሬሽንና የ90 እና የ94 ክርክር

ጥያቄው፦ ኮምቦልቻ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርስ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል። «በኮሮና ጊዜ የመጡ ሁለት ባለ 10 ሊትር ኦክስጅን ኮንሰንትሬተሮች አሉን። አንዱ ስቶር ውስጥ ከዓመት በላይ ቆይቶ አሁን ስናበራው ቢጫ መብራት እያሳየ ይጮሃል። ሁለተኛው አረንጓዴ ነው፤ ግን ኒሞኒያ ያለበት ሕፃን ላይ ስናደርገው ሳቹሬሽኑ አልነሳ ይላል። ደሴ ያሉ ባልደረቦቻችን ‹90 ከሆነ ይበቃል› ይሉናል፤ እኛ ደግሞ የኮሮና ሥልጠና ላይ 94 ተብለናል። የቱ ነው ልክ? ያኔ በጥድፊያ ከተማርነውስ ዛሬ የሚሠራው የቱ ነው?»

ምላሽ፦

ሲስተር፣ ዋናውን ላስቀድም። ቢጫ የሚያበራውን ማሽን ገና «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትመልሱት። አረንጓዴው ላይ ችግሩ ማሽኑ ሳይሆን ከማሽኑ መውጫ እስከ ሕፃኑ አፍንጫ ባለው መንገድ ላይ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። የሳቹሬሽን፣ ማለትም ደሙ የተሸከመው ኦክስጅን በመቶኛ፣ ልክ የሆኑት 90 እና 94 ደግሞ እርስ በርስ የሚጣሉ ቁጥሮች አይደሉም፤ የሚያገለግሉት ለተለያየ ሰዓት ነው።

ኮንሰንትሬተር ኦክስጅን አይፈጥርም፤ ከክፍሉ አየር ላይ ናይትሮጅኑን ለይቶ ያስቀራል። አየሩ በስፖንጅ ፊልተር ይገባል፣ በውስጠኛው ደቃቅ ፊልተር ያልፋል፣ ኮምፕሬሰር ይጨምቀዋል፣ ከዚያም ዚዮላይት የሚባል ጥራጥሬ ወደተሞሉ ሁለት ቱቦዎች ይላካል። አንደኛው ቱቦ ናይትሮጅኑን ይዞ ኦክስጅኑን ሲያሳልፍ፣ ሁለተኛው የያዘውን ናይትሮጅን ወደ ውጭ ይለቃል። በየጥቂት ሴኮንዱ የምትሰሙት «ፍስስ» የሚል ድምፅ ቫልቩ ተራ ሲያቀያይር ነው። ጤነኛ ማሽን የሚሰጠው ከ90 እስከ 96 በመቶ ንጽሕና ያለው ኦክስጅን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚቀበለው ዝቅተኛው ልክ ደግሞ 82 በመቶ ነው። ቢጫው መብራት በአብዛኞቹ ሞዴሎች «ንጽሕናው ከ85 (በአንዳንዶቹ ከ82) በታች ወርዷል» ማለት ነው። ማሽኑ የሚነግራችሁ ስለሚያወጣው አየር ጥራት እንጂ ሊቃጠል ስለመሆኑ አይደለም።

ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ማሽን ለምን ይደክማል? ዚዮላይት ከናይትሮጅን ይልቅ ውሃን አጥብቆ ይይዛል። ማሽኑ በየጊዜው ሲሠራ የገባውን እርጥበት ያባርረዋል። ቆሞ ሲቀመጥ ግን እርጥበቱ ቀስ እያለ ሰርጎ ናይትሮጅን የሚያዝበትን ቦታ ይሞላዋል። ስለዚህ «አዲስ ነው፣ አልተነካም» ተብሎ በካርቶኑ የተቀመጠው ማሽን በየቀኑ ከሚሠራው ቀድሞ ሊሞት ይችላል። በኮሮና ጊዜ ማሽኖቹ ሲታደሉ ይህ በደንብ አልተነገረም፤ ቁልፉን ንብረት ክፍል ይዞት፣ ማሽኑ «ለክፉ ቀን» ተቀመጠ።

አሁን ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ ስፖንጁን አውጡና ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ ጨምቃችሁ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ብቻ መልሱት። እርጥቡን ቢመልሱት ያንኑ እርጥበት ራሳችሁ ወደ ዚዮላይቱ ላካችሁ ማለት ነው፤ ለዚህ ነው ለአንድ ማሽን ሁለት ስፖንጅ የሚያስፈልገው፣ አንዱ ሲደርቅ አንዱ እንዲሠራ። በሳምንት አንዴ በቂ ነው፤ ክፍሉ ወደ አስፋልት ወይም ወደ አቧራማ ግቢ የሚከፈት ከሆነ ሁለቴ አድርጉት። የውስጠኛው ፊልተር አይታጠብም፤ ከጠቆረ ይቀየራል። ቀጥሎ ማሽኑን ከግድግዳና ከመጋረጃ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር አርቁት፤ ኮምፕሬሰሩ ሲሞቅ ንጽሕናው ይወርዳል።

ከዚያ የመብራቱን ቮልቴጅ ለኩ፤ ታዲያ ማሽኑ እየሠራ ነው የሚለካው። ባዶውን ሶኬት ስትለኩት 220 ያሳየ መስመር ጭነት ሲመጣበት ከ200 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ኮምፕሬሰሩ በቂ ግፊት መፍጠር ያቅተውና ቢጫው ይመጣል። ቀንም ማታም ለኩ፣ ልዩነቱ ያስገርማችኋል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ፍሎሜትሩን (በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚወጣ የሚያስተካክለውን) 5 ላይ አድርጋችሁ ለጥቂት ሰዓታት አስኪዱት። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ እስከ 15 ደቂቃ ድረስ፣ ቢጫ ማሳየቱ ጤነኛ ማሽንም ላይ ያለ ነው፤ በዚያ ሰዓት አትፍረዱበት። ከሰዓታት በኋላ 5 ላይ አረንጓዴ ሆኖ 10 ላይ ቢጫ ከሆነ ዚዮላይቱ ደክሟል፣ ግን ማሽኑ አልሞተም። «ከ5 ሊትር በላይ አይከፈትም» ብላችሁ ጽፋችሁ ለሕፃናት ክፍል ስጡት። ለሕፃናት ከዚያ በላይ የምትፈልጉበት ጊዜ ጥቂት ነው። 2 ሊትር ላይም ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ያ የባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያ ጥገና) ባለሙያ ሥራ ነው፤ ከውስጥ የላላ ቱቦ፣ የደከመ ቫልቭ ወይም የሚቀየር ዚዮላይት ይኖራል።

እዚህ ላይ የደሴና የኮምቦልቻ ልዩነት ይመጣል፣ ብዙ ሰው ስለሚስተው ሰፋ ላድርገው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን ኮምቦልቻ ላይ 610፣ ደሴ ላይ 565 አካባቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የኮንሰንትሬተር መስፈርት ማሽኑ ቢያንስ እስከ 2,000 ሜትር ድረስ ልኩን ጠብቆ እንዲሠራ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ ያለው በአምራቹ ይወሰናል፤ አንዳንዱ 3,000 ሜትር ድረስ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ግን ከደሴ በታች ያቆማል። ማኑዋሉ ላይ ከፍታ የሚለውን መስመር ፈልጉ። ኮምቦልቻ ላይ በ10 ሊትር 90 በመቶ የሚሰጥ ማሽን ደሴ ላይ በዚያው 10 ሊትር ቢጫ ቢያሳይ ማሽኑን አትክሰሱ፤ ኮምፕሬሰሩ የሚስበው አየር ስስ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፍሰቱን ከ10 ጀምራችሁ አንድ አንድ ሊትር ቀንሱ፣ በየደረጃው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ለኩ፣ ከ82 በላይ የሚጸናበትን ቦታ ስታገኙ ፍሎሜትሩ መስታወት ላይ በዚያ ልክ ፕላስተር ለጥፉ። የማታ ተረኛ ከፕላስተሩ በላይ አይከፍትም።

የምትለኩበት መሣሪያም የራሱ ወጥመድ አለው። ኦክስጅን መለኪያው ውስጡ የኬሚካል ሴንሰር ያለው ዓይነት ከሆነ የሚያነበው መቶኛውን ሳይሆን የኦክስጅኑን ግፊት ነው፤ ግፊቱን ወደ መቶኛ የሚቀይረው ባለፈው በተስተካከለበት ቦታ ልክ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ተስተካክሎ ደሴ ከተወሰደ እውነተኛውን 93 በመቶ 86 ብሎ ያሳያል፤ በዚህ ንባብ ደህና ማሽን እንደ ብልሹ ሊጻፍበት ይችላል። ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት እዚያው ቦታ ላይ በክፍሉ አየር 20.9 አድርጋችሁ አስተካክሉት። በአልትራሳውንድ የሚለካው ዓይነት ይህ ችግር እምብዛም የለበትም። መለኪያ ከሌላችሁ ቱቦውን ውሃ ውስጥ ከትቶ አረፋ ማየት የሚነግራችሁ አየር መውጣቱን ብቻ ነው፤ 40 በመቶም ይሁን 93 አረፋው አንድ ነው። ክብሪት ጭሮ «ነበልባሉ ጨመረ» ብሎ መፈተን ደግሞ ጨርሶ የማይደረግ ነው።

ወደ አረንጓዴው ማሽን እንምጣ። ማሽኑን በ3 ሊትር ክፈቱና ቱቦውን ሕፃኑ ጋ ከመድረሱ በፊት አጥፋችሁ ያዙት። መንገዱ ካላፈሰሰ የፍሎሜትሩ ኳስ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ሂዩሚዲፋየር (ኦክስጅኑን የሚያረጥበው የውሃ ጠርሙስ) ካለም የደኅንነት ቫልቩ ያፏጫል። ኳሱ እንዳለ ከቀረ ከፍሎሜትሩ በኋላ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው የሂዩሚዲፋየሩ ክዳን ነው፤ በጥድፊያ ሲዘጋ ጥርሱ ተዛንፎ ይገጥማል፣ ወይም ውሃ ሲቀየር የክዳኑ የጎማ ቀለበት ጠርሙሱ ሥር ወድቆ ይቀራል። ከዓይን እይታ ተዘግቷል፣ ኦክስጅኑ ግን በጎን ይወጣል። በናዛል ፕሮንግ (አፍንጫ ውስጥ በሚገባው ባለ ሁለት ጫፍ ቱቦ) ከ4 ሊትር በታች ለምትሰጡት ሕፃን ሂዩሚዲፋየር የግድ አይደለም፤ አፍንጫው ራሱ ያርሰዋል። እኔ ብሆን አውጥቼው ቱቦውን በቀጥታ እገጥማለሁ፤ አንድ የማፍሰሻ ቦታ ተቀነሰ፣ ተህዋሲያን የሚራባበት ውሃም ቀረ። የምትጠቀሙበት ከሆነ ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የተጣራ ውሃ ይግባበት፤ በየቀኑ ይደፋ፣ ከላይ ከላይ አይሞላ።

ፕሮንጉም መጠን አለው። ጫፉ የአፍንጫውን ቀዳዳ ግማሽ ያህል ይሞላል፤ የአዋቂ ፕሮንግ ተቆርጦ ለጨቅላ ሲደረግ ወይ አፍንጫውን ይዘጋል፣ ወይ ጉንጩ ላይ ይነፍሳል። የተዘጋ አፍንጫ በጨው ውሃ ጠብታ ይለስልስና ንፍጡ በቀስታ ይጸዳ። ቅቤም ሆነ ቫዝሊን አፍንጫና ከንፈር ላይ አይቀባ፤ ኦክስጅንና ቅባት አይስማሙም፣ ለእሳት መነሻ ይሆናሉ። ለጨቅላ ከ0.5 እስከ 1 ሊትር፣ ለሕፃን ከ1 እስከ 2፣ ከፍ ላለ ልጅ ከ2 እስከ 4 ሊትር በደቂቃ መነሻ ነው። ያለ ጊዜው ለተወለደ ጨቅላ ግን ተጠንቀቁ፤ ኦክስጅን እየተሰጠው ከ95 በላይ መቆየት የዓይኑን ሬቲና ይጎዳል፣ እሱን በ90 እና በ95 መካከል ያዙት። ለአዋቂ በፕሮንግ እስከ 5 ወይም 6፣ በተራ ማስክ ከ6 እስከ 10። ማስክ አድርጎ ከ5 በታች መክፈት ሕመምተኛውን የራሱን የተቃጠለ አየር መልሶ ማስተንፈስ ነው።

መንገዱ ሁሉ ደህና ሆኖም ሳቹሬሽኑ ካልተነሳ ጣቱን እንይ። የፐልስ ኦክሲሜትሩን (ጣት ላይ ተሰክቶ ሳቹሬሽን የሚለካውን) ንባብ ከመጻፋችሁ በፊት ሞገዱ እስኪረጋ ወደ 30 ሴኮንድ ጠብቁ፣ የሚያሳየው የልብ ምት በእጃችሁ ከምትቆጥሩት ጋር መግጠሙን እዩ። የአዋቂ ክሊፕ ለሕፃን ጣት ይሰፋል፤ ጎን ለጎን ብርሃን እየገባ ውሸት ያነባል፣ በእግር አውራ ጣት ወይም በእግሩ መዳፍ ላይ በሚጠቀለለው ይተካ። በደሴ ብርድ የቀዘቀዘ እጅ መጀመሪያ ይሙቅ። በወሎ ደግሞ ያልተጻፈ ነገር አለ፤ እናቶች ጥፍር ላይ የጠቆረ ሂና ወይም እንሶስላ ሲኖር ንባቡ ሊወርድ ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። የጆሮ ለስላሳ ጫፍ ላይ ወይም ጣቱን በጎን አድርጋችሁ ለኩ። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ በ4 እና በ5 ሊትር ምንም የማይነቃነቅ ሕፃን የሳንባ ብቻ ሳይሆን ከውልደት የመጣ የልብ ችግር ሊኖርበት ስለሚችል ኦክስጅኑን ሳታቋርጡ ሪፈር አድርጉት።

ኦክሲሜትሩ ራሱ የሚሸሽገው ነገር አለ፤ ይህ በወረርሽኙ ጊዜ በደንብ ከተገለጡት አንዱ ነው። በ2013 ታኅሣሥ አሜሪካ ውስጥ የሚሺጋን ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 እያሳየ የደማቸው ትክክለኛ ልክ ግን ከ88 በታች የሆነባቸው ጥቁር ሕመምተኞች 12 በመቶ ገደማ ሲሆኑ ነጮቹ 4 በመቶ ገደማ ነበሩ። ጉዳዩ ከ1990ዎቹ (በፈረንጆች) ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም። የፈጠራው ባለቤት ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ ሐሳቡን ያቀረበው በፈረንጆች 1974 ነው፣ ያረፈውም ዓለም ሁሉ ጣቱ ላይ ያንን መሣሪያ ሰክቶ በነበረበት በሚያዝያ 2012። ለእናንተ ተግባራዊ ትርጉሙ ይህ ነው፤ 91 ወይም 92 እያነበበ የሚያቃስት፣ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ ጡት መጥባት ያቆመ ወይም ራሱን የሚነቀንቅ ሕፃን ካለ ሕፃኑን እመኑ፣ ኦክስጅን ስጡት።

እንግዲህ 90 ወይስ 94? የሕፃኑ ሁኔታ አጣዳፊ ሲሆን፣ ማለትም ኮንቨልሽን፣ ሾክ፣ ከባድ የመተንፈስ ጭንቅ ወይም ራስን መሳት ካለ፣ በማዳኑ ሰዓት 94 እና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ከረጋ በኋላ ከ90 በላይ ይበቃል። ለነፍሰ ጡር ከ92 እስከ 95። የቆየ የሳንባ በሽታ ላለበት አዋቂ ከ88 እስከ 92፤ ለእሱ ከዚያ በላይ መጨመር ሊጎዳው ይችላል። ሥልጠናው ላይ 94 የተባላችሁት ስህተት አይደለም፤ የመጀመሪያው ሰዓት ቁጥር ነው፣ ኋላ ግን የሁሉም ሰዓት ቁጥር ሆኖ ቀረ። 94ን የሙጥኝ ያለ ክፍል ኦክስጅኑን ደህና ለሆነ ልጅ እያፈሰሰ ለሚያቃስተው ያጣል።

የደሴዎቹም ነጥብ አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት መመሪያ ከ2,500 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የኦክስጅን መስጫውን ገደብ ከ90 ወደ 87 ዝቅ ያደርገዋል፤ ደሴ ልክ በዚያ መስመር ላይ ናት። የከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ራሱ ይለያያል። ሆኖም መስመር ላይ ባለ ከተማ፣ መሣሪያው ጥቁር ቆዳ ላይ ከፍ አድርጎ የማንበብ ጠባይ እያለው፣ 87ን መያዝ አይታየኝም። ደሴም ኮምቦልቻም ሳቹሬሽኑ ከ90 በታች ከሆነ ኦክስጅን ስጡ፤ ይህ የእኔ ፍርድ ነው።

ሪፈር ስታደርጉ የከፍታው ልዩነት ሌላ መልክ ይይዛል። ወደ ሳንባ የሚገባው የኦክስጅን ግፊት ኮምቦልቻ ላይ 118 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ ላይ 109። ያለ ኦክስጅን 91 እያነበበ የተሳፈረ ልጅ ዶሮ መዝለያን ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ከ90 በታች ቢገኝ በመንገድ ላይ ተባብሶበት ነው ማለት ብቻ አይደለም፤ ዳገቱ ራሱ ጥቂት ነጥብ ይወስዳል። ስለዚህ በ92 እና ከዚያ በታች ያለውን ከመነሳታችሁ በፊት ኦክስጅን ጀምሩለት። የአምቡላንሱን ሲሊንደር ሒሳብም እዚያው አድርጉት፤ የሲሊንደሩ ይዘት በሊትር ሲባዛ በጌጁ ባር ያለውን ኦክስጅን ይሰጣል። ባለ 5 ሊትር ሲሊንደር 100 ባር ካሳየ 500 ሊትር አለ፣ በ2 ሊትር ለአራት ሰዓት ይበቃል። 20 ባር ካሳየ 50 ደቂቃ ነው፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሆስፒታሉን በር ላይ ጥበቃ አትርሱ።

«ያኔ ከተማርነው የቱ ይሠራል?» ላሉት፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ከተገለጸ ጀምሮ ክርክሩ ሁሉ ስንት ቬንትሌተር (ማስተንፈሻ ማሽን) አለን የሚል ነበር። ያ ቆጠራ አሳስቶናል። አብዛኛው ቬንትሌተር በ4 ባር ገደማ የሚገፋ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ የእናንተ ኮንሰንትሬተር መውጫ ግፊት ከዚያ ግማሹን እንኳ አይደርስም። በየሆስፒታሉ ያለቀው ኦክስጅን ነበር። በ150 ባር የተሞላ ባለ 40 ሊትር ሲሊንደር 6,000 ሊትር ይይዛል፤ በፕሮንግ በ5 ሊትር 20 ሰዓት ይሄዳል፣ በደቂቃ 60 ሊትር ንጹሕ ኦክስጅን በሚስበው የከፍተኛ ፍሰት መሣሪያ ግን 100 ደቂቃ። ኦክስጅን ሕይወት እንደሚያድን ደግሞ አዲስ ግኝት አልነበረም። በፓፑዋ ኒው ጊኒ 5 ሆስፒታሎች ኦክሲሜትርና ኮንሰንትሬተር ከገባ በኋላ ኒሞኒያ ከያዛቸው ሕፃናት የሚሞቱት ከመቶ 5 ገደማ ከነበረው ወደ 3.2 መውረዳቸው በፈረንጆች 2008 ታትሟል። ኢትዮጵያም የኦክስጅን ፍኖተ ካርታዋን ያወጣችው በፈረንጆች 2016፣ ኮሮና ሳይታሰብ ነው። ገንዘቡን ያመጣው ግን ወረርሽኙ ነው። ያ የመጣውም ሁሉ አልቆየም፤ ደሴ ላይ በ2014ቱ ጦርነት የሕክምና ዕቃ ተዘርፏል፣ ወድሟል።

ከመድኃኒቶቹ ዴክሳሜታዞን (የሰውነትን ብግነት የሚያበርደው) ጸንቷል፤ ማን ላይ እንደሚሠራ ግን መታወቅ አለበት። የእንግሊዙ ሪከቨሪ ጥናት ሰኔ 9 ቀን 2012 ውጤቱን ሲያሳውቅ፣ በቀን 6 ሚሊ ግራም እስከ 10 ቀን የተሰጣቸውን ከሌሎቹ ጋር አነጻጽሯል። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት ቬንትሌተር ላይ ከነበሩት 41.4 በመቶ የነበረው 29.3 ሆነ፤ ኦክስጅን ብቻ ከሚያገኙት 26.2 የነበረው 23.3 ሆነ። ኦክስጅን ከማያስፈልጋቸው ግን 14.0 ወደ 17.8 ነው የሄደው፤ ጥቅም አልታየበትም፣ ጉዳት ሳይኖረውም አይቀርም። ስለዚህ ዴክሳሜታዞን ለመስጠት መጀመሪያ ጣቱን መለካት ያስፈልጋል። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ከፋርማሲ ዴክሳና አዚትሮማይሲን ገዝቶ ቤቱ የዋጠው ሰው የመድኃኒቱን ስም ሰምቶ ቅድመ ሁኔታውን አልሰማም። አዚትሮማይሲንም ራሱ በዚያው ጥናት ኮሮና ላይ ጥቅም አልተገኘበትም፤ የተረፈን መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ነው።

ከወባ መድኃኒቶች ወገን በሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ላይ የነበረው ንትርክ ደግሞ ማስረጃ እንዴት እንደሚመዘን ያሳያል። ከ671 ሆስፒታሎች 96,000 ሕመምተኞችን አይቻለሁ ብሎ «መድኃኒቱ ይገድላል» ያለ ጽሑፍ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ፤ መረጃውን ማንም ማረጋገጥ ስላልቻለ ግንቦት 27 ቀን 2012 ተሰረዘ። ደጋፊዎቹ «አላልንም?» ሲሉ በማግስቱ ሪከቨሪ በዕጣ የተመደቡ ሕመምተኞችን ውጤት አወጣ፤ መድኃኒቱ አይጠቅምም። የተሰረዘው ጽሑፍ ውሸት መሆኑ መድኃኒቱን እውነት አላደረገውም። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይህ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልደረሰም።

ከዚያ ዘመን ልማድ የሚተወው በር እጀታ በክሎሪን መወልወሉ ነው፤ የሚቆየው መስኮት መክፈቱ። ቫይረሱ በአየር እንደሚተላለፍ መመሪያዎቹ ዘግይተው ነው በግልጽ ያስቀመጡት። ቲቢ ባለበት አገር መስኮቱ ድሮም መከፈት ነበረበት። የደሴ ብርድ ካስቸገረ ሕፃኑን አልብሱት እንጂ ክፍሉን አትዝጉት።

የመብራቱን ነገር ሳልነካ አላልፍም። ባለ 10 ሊትሩ 600 ዋት ገደማ ይስባል፣ በቀን 14 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል፤ ሲነሳ ደግሞ ለአፍታ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ለፍሪጅ የተገዛ ትንሽ ስታቢላይዘር አይችለውም፤ 2,000 ቪኤ የሆነ፣ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ዓይነት ፈልጉ። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ነው ኮምፕሬሰር የሚቃጠለው። ጀነሬተሩ እስኪነሳ የሚይዝ የተሞላ ሲሊንደር በሰንሰለት ታስሮ እዚያው ክፍል ይቁም፣ ቁልፉም አብሮ ይንጠልጠል። መብራት ሲጠፋ አስታማሚ ሻማ እንዳይለኩስ፣ ለሙቀትም ከሰል እንዳያስገባ፤ ከኦክስጅኑ ቢያንስ 3 ሜትር ውስጥ ምንም እሳት አይኑር።

ሕፃኑ ሲሻለው ኦክስጅኑን በየቀኑ ሞክሩት። ዘግታችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከ90 በላይ ከጸና ይቁም፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም በመጀመሪያው ቀን በየሦስት ሰዓቱ ለኩት። ይህ ስለማይደረግ ብቻ አንድ ማሽን ሁለት ቀን በከንቱ ይያዛል።

ቢጫው ማሽን በዚህ ሁሉ ካልተመለሰ ሦስት ነገር ጽፋችሁ ላኩልን፤ ከኋላው ያለውን ሞዴል፣ የሰዓት ቆጣሪው ያሳየውን ቁጥር፣ እና በ2፣ በ5 እና በ10 ሊትር እየሠራ የለካችሁትን ንጽሕናና ቮልቴጅ። ሰዓት ቆጣሪው ጥቂት መቶ ሰዓት ብቻ ካሳየ የዚዮላይቱን ቱቦዎች ብቻ ማስቀየር አዲስ ማሽን ከመጠየቅ ይረክሳል።